ሁለት ሌሊት በብሪዚ ሂል

ነሐሴ በእኛ አገር ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ጭቃ ነው፤ ደመና ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ የቆርቆሮ ጣሪያ ሲደበድብ የሚያድር ዝናብ ነው። ኮከብ ማየት ያማረው ሰው እስከ መስከረም አጋማሽ መታገሥ አለበት። እኔ ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያው በነሐሴ፣ አሜሪካን አገር በአንድ ኮረብታ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ ሁለት ሌሊት ሰማይ ላይ አፍጥጬ አደርኩ። ያውም አንዲት ኮከብ ለማየት! ነገሩ ዛሬም ሲታወሰኝ ያስቀኛል።

ባለቤቴ በቦስተን አካባቢ በሚገኝ የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን እንዲያገለግል ተጋብዞ ሄደን ነበር። ያስተናገደን ወንድም መሐንዲስ ነው፤ በትርፍ ጊዜው ቴሌስኮፕ ይሠራል። «ይሠራል» ስላችሁ ገዝቶ ይገጣጥማል ማለቴ አይደለም። መስታወቱን ከምድር ቤቱ ቁጭ ብሎ በገዛ እጁ ይፍቃል። ሐሙስ ማታ እራት ላይ፣ «ፓስተር፣ እስከ እሑድ ፕሮግራም የለዎትም። እትዬም ቢሆኑ ቤት ውስጥ ሰልችቷቸዋል። ቨርሞንት ልውሰዳችሁ» አለን። ባለቤቴ ተራራና ሐይቅ መስሎት እሺ አለ። ሌሊት እንደማንተኛ የተነገረን መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ነው።

መንገዱ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ኒው ሃምፕሺርን አቋርጣችሁ የኮነቲከትን ወንዝ በድልድይ ስትሻገሩ ቨርሞንት ትገባላችሁ፤ ከዚያ ስፕሪንግፊልድ ሩቅ አይደለችም። ብላክ ሪቨር የሚባል ወንዝ መካከሏን እየተምዘገዘገ የሚወርድባት ትንሽ ከተማ ናት። በአንድ ወቅት ማሽን የሚሠሩ ማሽኖች የሚመረቱባት፣ ስሟ በዓለም የታወቀ የብረት ሠራተኞች ከተማ ነበረች። ዛሬ ፋብሪካዎቹ ጸጥ ብለዋል። ይህን የምነግራችሁ የከተማዋን ታሪክ ለመተረክ አይደለም፤ ከላይ ያለው ኮረብታ ያለ እነዚያ ብረት ቀጥቃጮች ስለማይገባን ነው።

ራስል ፖርተር የዚያችው ከተማ ልጅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1871 ተወለደ። ሠዓሊ ነው፤ በወጣትነቱ ከዋልታ አሳሾች ጋር እየሄደ በበረዶ ውስጥ ብዙ ዓመት አሳልፏል። በኋላ ተመልሶ ጆንስ ኤንድ ላምሰን በሚባለው የማሽን ፋብሪካ ሥራ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1920 ለፋብሪካው ሠራተኞች መስታወት ፍቆ ቴሌስኮፕ መሥራት ማስተማር ጀመረ፤ ከተማሪዎቹ አንዷ ሴት ነበረች። አስቡት፤ ቀኑን ሙሉ ብረት ሲሞርዱ የዋሉ ሰዎች ማታ ማታ መስታወት ይሞርዳሉ። ሁለት ክብ መስታወቶች ተደራርበው በመካከላቸው ሻካራ ዱቄትና ውኃ ይጨመራል፤ ከዚያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ለሳምንታት። የላይኛው እየጎደጎደ ይሄዳል። ዱቄቱ እየላመ ይሄድና በመጨረሻ በሬንጅ መሰል ነገር ላይ ይወለወላል። አስተናጋጃችን ሲያስረዳን እኔ የታየኝ እናቴ በወፍጮ ድንጋይ ላይ ጎንበስ ብላ ስትፈጭ ነበር።

እነዚህ ሰዎች ማኅበር መሠረቱና ብሪዚ ሂል በሚባለው ኮረብታ ላይ ቤት ሠሩ። ስሙን ስቴላፌን አሉት፤ የከዋክብት መቅደስ እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1926 ጀምሮ በገዛ እጃቸው ቴሌስኮፕ የሠሩ ሰዎች በበጋቸው ጨረቃ በማትኖርበት ሰሞን እዚያ ይሰበሰባሉ። ፖርተር ራሱ በኋላ ወደ ካሊፎርኒያ ተጠርቶ በፓሎማር ተራራ ላይ የተተከለውን የ5 ሜትር ቴሌስኮፕ በመንደፍ ተካፍሏል። ቦታው እ.ኤ.አ. በ1989 የአገሪቱ ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል።

ቤቱ ሮዝ ቀለም የተቀባ ነው። ከሩቅ ስታዩት የልጆች መጫወቻ ይመስላል። እኔ እንኳ «ይሄ ነው መቅደሱ?» ብዬ ልስቅ ቃጥቶኝ ነበር። ጠጋ ስንል ግን በጣሪያው ሥር፣ በፊት ለፊቱ ማዕዘን ላይ የተጻፈውን አየን። የመዝሙር 19 የመጀመሪያው ቁጥር፣ የመጀመሪያው እኩሌታ ነው። ባለቤቴ ኮፍያውን አወለቀ። ስለ ማኅበሩ አባላት እምነት የማውቀው የለም፤ ከሁሉም ዓይነት ሰው እንዳለባቸው ነገሩን። ብቻ እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ብረት ሠራተኞች ቤታቸውን ሲሠሩ ሊጽፉበት የመረጡት ይህን ነበር። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ መዝሙር 19ን ለሁለት ከፍለን ነበር ያጠናነው፤ ፊተኛው ስለ ሰማይ፣ ኋለኛው ስለ ሕጉ። አስተማሪያችን ሁለቱ ለምን አንድ መዝሙር እንደሆኑ ጽፈን እንድናመጣ አዘውን እኔ ያገኘሁት ውጤት ደስ የሚል አልነበረም። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ሲመሽ አንድ ጥፋት አጠፋሁ። ሹራቤን ለማምጣት የመኪናውን በር ስከፍት የውስጡ መብራት ቦግ አለ። ከሜዳው ሁሉ «መብራት!» የሚል ጩኸት ተነሣ፤ ሌባ የተያዘ ነው የሚመስለው። በዚያ ሜዳ ነጭ መብራት ማብራት ክልክል ነው። የሰው ዓይን ጨለማን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስድበታል፤ አንድ ብልጭታ ያን ሁሉ ድካም ያፈርሰዋል። ሁሉም የሚይዘው ደብዛዛ ቀይ ባትሪ ነው። በኀፍረት ተሸማቅቄ ስመለስ በሣሩ ላይ ወንበር ዘርግተው የተቀመጡ አንዲት አሜሪካዊት አዛውንት፣ «አይዞሽ፣ የኔ ባል ባለፈው ዓመት የመኪናውን ጥሩምባ ነው ያስጮኸው» አሉኝ። ትውውቃችን በዚህ ተጀመረ።

ባልና ሚስቱ ከሰባ ዓመት ያለፉ ናቸው። ቴሌስኮፓቸው ከእኔ ቁመት ይበልጣል፤ ባልየው የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሠሩት የእንጨት ሣጥን ነው። ሌሎቹ ከአንዱ ፕላኔት ወደ ሌላው ሲያዞሩ እሳቸው ግን በሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ አንድ ቦታ ብቻ ይመለሳሉ፤ ሲግነስ ወደሚባለው፣ በነሐሴ እኩለ ሌሊት ከራስ በላይ ወደሚውለው የከዋክብት ስብስብ። እዚያ ኤስ ኤስ ሲግኒ የምትባል ኮከብ አለች። በባዶ ዓይን ጨርሶ አትታይም።

እንግዲህ ስለዚህች ኮከብ ልንገራችሁ፤ ታሪኳ ደስ ይላል። አንድ ሳትሆን ሁለት ናት። አንደኛዋ ነጭ ድንክ ይሏታል፤ ነዳጇን የጨረሰች፣ መጠኗ የእኛን ምድር የሚያህል፣ ክብደቷ ግን ፀሐይን የሚስተካከል የኮከብ ፍም ናት። ሁለተኛዋ ቀላ ያለች ተራ ኮከብ ናት። እጅግ ከመቀራረባቸው የተነሣ በስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ አንዷ ሌላዋን ትዞራለች። ድንኳ ከጎረቤቷ ጋዝ ትስባለች፤ ጋዙም በቀጥታ አይወድቅባትም፤ እየተሽከረከረ እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ ሆኖ ይከባታል። (ባለቤቴ «ይሄ እኮ ለትዳር ምሳሌ ይሆናል» ብሎ ሊጀምር ሲል፣ አንዱ ሌላውን የሚገፍበት ትዳር ምሳሌ አይሆንም ብዬ አስቆምኩት።) ጋዙ በዚያ ምጣድ ላይ ለሳምንታት ዝም ብሎ ይጠራቀማል። ከዚያ በድንገት ሙቀቱ ልኩን ያልፍና ምጣዱ በሙሉ ይግላል፤ ጋዙ ወደ ድንኳ ይጎርፋል፤ ኮከቧ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ አርባ እጥፍ ያህል ትደምቃለች። ጀበና እሳት ላይ ጥዳችሁ ታውቃላችሁ፤ ዝም ብሎ ቆይቶ ቆይቶ ድንገት አንገቱ ድረስ ግንፍል ይላል። እንደዚያ ነው። ገንፍላ ስታበቃ ደግሞ ትደበዝዛለች፤ መጠራቀሙም እንደገና ይጀምራል። በአማካይ በየ50 ቀኑ፤ ነገር ግን ቀኑን ቆጥራችሁ አትይዟትም። አንዳንዴ ትቸኩላለች፤ አንዳንዴ ትዘገያለች። እንዲህ ያሉትን ከዋክብት ድንክ ኖቫ ይሏቸዋል።

የመጀመሪያው ድንክ ኖቫ፣ ዩ ጀሚኖረም፣ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1855 ነው። ይህችን የሲግነሷን ያገኘቻት ደግሞ ሴት ናት፤ ሉዊዛ ዌልስ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1896 በሃርቫርድ ኮሌጅ የከዋክብት መመልከቻ ውስጥ የሰማይ ፎቶግራፍ የተነሡባቸውን የመስታወት ሰሌዳዎች ስትመረምር አየቻት። ከዚያ ወዲህ ኮከቧ በገነፈለች ቁጥር ያላየ የለም ይባላል፤ ሁለት የዓለም ጦርነቶች አልፈው እንኳ። ይህን ያደረጉት ደመወዝ የሚከፈላቸው ሊቃውንት አይደሉም። መምህራን፣ ገበሬዎች፣ ሐኪሞች፣ የቤት እመቤቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1911 በአሜሪካ የተመሠረተው የተለዋዋጭ ከዋክብት ታዛቢዎች ማኅበር ከዓለም ዙሪያ የሚላክለትን ቁጥር ሁሉ ሰብስቦ ይይዛል።

ከእነርሱ መካከል የኦሃዮው ገበሬ ሌስሊ ፔልቲየር የሚባለውን ሳላነሣላችሁ ባልፍ ይቆጨኛል። በልጅነቱ የመጀመሪያውን ቴሌስኮፑን የገዛው እንጆሪ ለቅሞ ባገኘው 18 ዶላር ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 መመልከት ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ከ132,000 በላይ ምልከታ መዝግቧል። አንዲት ቲ ኮሮና የምትባል ኮከብ እንደገና እስክትፈነዳ ከ25 ዓመት በላይ ሲጠብቃት ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1946 በአንድ የየካቲት ሌሊት ሊያያት ተነሣ፤ ጉንፋን ቢጤ ተሰማውና ተመልሶ ተኛ። ያን ሌሊት ፈነዳች! ሚስቶች ሆይ፣ ባሎቻችሁ ጉንፋን ይዞኛል ሲሉ ትዝ ይበላችሁ።

አሁን ወደ ሜዳችን እንመለስ። የኮከብን ድምቀት በዓይን እንዴት ይለካሉ? እኔም ጠየቅሁ። ሴትዮዋ በቀይ ባትሪ አንድ ካርታ አሳዩኝ። በኮከቧ ዙሪያ ድምቀታቸው የማይለዋወጥ ሌሎች ከዋክብት አሉ፤ በየጎናቸው ቁጥር ተጽፏል። 96 ካለ 9.6 ማለት ነው፤ ነጥቡ የተተወው ኮከብ እንዳይመስል ነው። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ድምቀቱ ይቀንሳል፤ ይህ መጀመሪያ ግራ ያጋባል። ባዶ ዓይን የሚያየው እስከ 6 ገደማ ነው፤ የእኛዋ ኮከብ ስትተኛ 12፣ ስትገነፍል 8 አካባቢ ናት። ታዲያ ከእሷ ትንሽ የሚደምቅ አንድ ኮከብ፣ ትንሽ የሚደበዝዝ ሌላ ኮከብ ትፈልጋላችሁ፤ በሁለቱ መካከል የቱ ጋ እንደምትሆን ትገምታላችሁ። በቃ ይኸው ነው። ጨው የበዛበትን ወጥና ያነሰበትን ቀምሳ ሦስተኛውን የምትመዝን ሴት ይህን ለመማር አይቸግራትም።

ግን ሕግ አለው። ትናንት ስንት ነበር ብላችሁ አታስቡም። ጎረቤታችሁ ስንት አለ ብላችሁ አትጠይቁም። ያያችሁትን ጽፋችሁ ሰዓቱን ትመዘግባላችሁ። ባልና ሚስቱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ደብተር ነበራቸው፤ አንዱ ሲጽፍ ሌላው ፊቱን ያዞራል። ቀኑንም የሚቆጥሩት በሌላ አቆጣጠር ነው፤ የእነርሱ ቀን የሚለወጠው በግሪኒች እኩለ ቀን ነው። ፈረንጅ ይህ ይገርመዋል። እኔ ግን ጠዋት 1 ሰዓት ብዬ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ቀን ከፈለገው ቦታ ቢጀምር ምን ቸገረኝ?

በዓርቡ ሌሊት ኮከቧ ተኝታ ነበር። ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ 11.9 ብለው ጻፉ። ባልየው ቀጠሉ፤ ዓይናቸውን ከቱቦው አንስተው፣ መልሰው፣ አንስተው፣ በመጨረሻ ደብተራቸው ላይ ከ11.5 በታች የሚል ምልክት አደረጉ። «አላየሁም» ማለት ነው። ይህም ዋጋ አለው አሉኝ። አላየሁም ብሎ የጻፈ ሰው ኮከቧ በዚያ ሰዓት ከዚያ እንደማትበልጥ መስክሯል። ባዶ መስመር ግን ምንም አይመሰክርም። እኔም በተራዬ አየሁ። ማለት፣ አየሁ ብዬ ነበር፤ በኋላ ያየሁት ጎረቤቷን እንደሆነ ታወቀ።

ቅዳሜን በድንኳን ውስጥ ተኝተን፣ የሰዎችን ቴሌስኮፕ እየዞርን ስናይ ዋልን። ፖርተር የሠራውን እ.ኤ.አ. የ1930ውን የኮንክሪት ቤት አየን፤ ታዛቢው ከውስጥ በሙቀት ተቀምጦ የውጪውን ሰማይ የሚያይበት ነው። በቨርሞንት ጥር ላይ በረዶ ውስጥ የቆመ ሰው ብቻ ነው የዚህን ብልሃት የሚያመሰግነው። ከሰዓት በኋላ ደመና መጥቶ ሁሉም ዝም አለ። ፀሐይ ስትጠልቅ ተገፈፈ።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ሴትዮዋ ዓይናቸውን ቱቦው ላይ አድርገው «ኦ!» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም፤ ባለቤታቸው ገና አላዩማ። ጻፉ፤ ዞር አሉ። ባልየው አዩ፤ እሳቸውም ሳቁ። እኔ ተጠራሁ። ትናንት ፈልጌ ያጣኋት ኮከብ በተርታዋ መካከል ጉብ ብላ ተቀምጣለች። ሰማያዊ ነገር አላት። ወዳጆቼ፣ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ ግን ሌሊት ያልነበረ ነገር በማግሥቱ እዚያው ቦታ ላይ ሆኖ ሲያይህ የሚሰማው ስሜት ሌላ ነው። ያ ብርሃን ከተነሣ ወደ 370 ዓመት ሆኖታል፤ አፄ ፋሲል በጎንደር ነግሠው በነበሩበት ዘመን ማለት ነው። እኛ ዘንድ የደረሰው ግን ያን ቅዳሜ ምሽት ነው።

10.0 ብዬ ጻፍሁ። ባለቤቴ አየና «10.3» አለ። ሴትዮዋ ፈገግ ብለው፣ «ይህን ቁጥር ከማን ሰሙት?» አሉት። ሲጽፉ አስተናጋጃችን በሹክሹክታ ጠይቋቸው ኖሯል፤ ባለቤቴ ሰምቷል። የእሳቸው ቁጥር ነበር 10.3። «ፓስተር፣ ይህ አይጻፍም። ሻይ ይጠጡና በኋላ እንደገና ይዩ።» ባሌ በዚያ ጨለማ ውስጥ ፊቱ ሲቀላ አልታየኝም፤ ግን ቀልቷል።

ከእኛ ጥቂት ራቅ ብሎ አንድ ጎልማሳ ቴሌስኮፑ ላይ ካሜራ ገጥሞ ያችኑ ኮከብ በየደቂቃው ያነሣ ነበር። ኮምፒዩተሩ በቀይ ፕላስቲክ ተሸፍኗል። በመስመር ላይ የሚወጣውን ነጥብ ስታዩ ወደ ላይ እየወጣ እንኳ ይንቀጠቀጣል፤ ከደቂቃ ደቂቃ ትንሽ ይደምቃል፣ ትንሽ ይደበዝዛል። ጋዙ እኩል አይፈስም ማለት ነው። ስለ ሌላ ድንክ ኖቫ ሲነግረን ድምፁ ተለወጠ። ደብልዩ ዜድ ሳጂታ የምትባለው ኮከብ እ.ኤ.አ. በ1913፣ በ1946 እና በ1978 ገንፍላ ነበር፤ በየ33 ዓመቱ ገደማ ስለሆነ ቀጣዩን በ2011 ግድም ይጠብቁ ነበር። እሷ ግን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 23 ቀን 2001 መጣች፤ ያያትም ጃፓናዊ አማተር ነው። ወሬው በሰዓታት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። ጃፓን ሲነጋ አውሮፓ ይመሻል፤ አውሮፓ ሲነጋ አሜሪካ ይቀበላል። እንዲህ እየተቀባበሉ ለሳምንታት ያለ ማቋረጥ ለኩ። ሁለቱ ከዋክብት በ82 ደቂቃ ገደማ ይዞራሉ፤ ከአሥር ቀን በላይ ካለፈ በኋላ ግን ከዚያ በጥቂቱ የሚዘገይ አዲስ ከፍ ዝቅ ታየ። የጋዙ ምጣድ ክብነቱን አጥቶ እንቁላል መሰል ሆኖ ራሱም ቀስ ብሎ መዞር ስለጀመረ ነው። ስትከስም ደግሞ ዝም ብላ አልከሰመችም፤ 12 ጊዜ መልሳ መላልሳ ደመቀች። የቱም ትልቅ ቴሌስኮፕ ብቻውን ይህን ሊያይ አይችልም፤ በላዩ ፀሐይ ትወጣበታለችና።

ይህን ስሰማ በእንጦጦ ላይ፣ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የቆሙት ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ትዝ አሉኝ። ሲግነስ ከአዲስ አበባም ወደ ሰሜን ስታዩ ይታያል፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ በምሽት ቀና በሉ። ጃፓን ነግቶበት አውሮፓ ገና ያልመሸበት ሰዓት አለ። ያ ሰዓት የእኛ ሰማይ ነው።

እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ወንዶቹ ወደ ሌሎች ቴሌስኮፖች ሄዱ። ሴትዮዋ ከፔርሙስ ሻይ ቀዱልኝ። ሁለቱ ደብተሮች ጭናቸው ላይ ነበሩ። ዛሬ ምሽት ባለቤታቸው ስንት እንደጻፉ በዚያን ጊዜ አየሁ፤ 10.6። «ሁልጊዜ ከእኔ ያንሳሉ?» አልኩ። መጠየቅ አልነበረብኝም ይሆናል። ሴት ለሴት ግን ሌሊት ላይ ብዙ ይባላል።

የነገሩኝን በአጭሩ ላጫውታችሁ። ለሠላሳ ዓመት ቁጥራቸው እምብዛም ተራርቆ አያውቅም። ከዚያ የባልየው ግምት፣ በተለይ ኮከቧ ስትደምቅና ሰማያዊ ስትሆን፣ ከሌላው ሰው ሁሉ ዝቅ እያለ መጣ። በማኅበሩ ግራፍ ላይ የእሳቸው ነጥቦች ከደመናው ሥር ተለይተው ይታያሉ። ባልየው መጀመሪያ ሌሎቹ ተሳስተዋል አሉ። ቀጥሎ ካርታው ተሳስቷል አሉ። ሚስትየዋ ገብቷቸዋል፤ ግን ለሠላሳ ዓመት የኖሩበትን ነገር እንዴት ከእጃቸው ይንጠቋቸው? እና አንድ ሌሊት 9.0 አይተው 9.2 ብለው ጻፉ። ሁለት ዐሥረኛ ብቻ! ባላቸው ብቻቸውን እንዳይቀሩ ብለው። «ማን ያውቃል? ኮከቧ አትከሰኝ» አሉኝ። እንቅልፍ ግን እምቢ አላቸው፤ ሲነጋ ነገሯቸው።

ባልየው ከዓይናቸው ይልቅ በዚህ ነው የተቆጡት። «እኔን ለማጽናናት ኮከቡን አታስዋሽብኝ» አሏቸው። ከዚያ ሁለት ቀን አልተነጋገሩም። በሦስተኛው ቀን ራሳቸው ወደ ዓይን ሐኪም ሄዱ። የዓይን ሞራ ነበር። የዓይን ሌንስ በዕድሜ ቢጫ እየሆነ ሲሄድ ሰማያዊውን ብርሃን ይውጣል፤ ቀላ ያሉት የካርታው ከዋክብት እንደነበሩ ሆነው፣ ሰማያዊዋ ብቻ ደብዛዛ ትመስላለች። የተሳሳተ ሰው አልነበረም፤ ያዩትን ነበር የጻፉት። የሁለት ዓመቱን ግምታቸውን አልሰረዙም፤ በእያንዳንዱ ጎን ስለ ዓይናቸው ማስታወሻ ጨመሩ። ሚስትየዋም 9.2 ያሏትን አረሙ። ቀዶ ጥገናው በዚያው ዓመት በመኸር ሊደረግ ቀጠሮ ተይዞ ነበር።

ይህ ሁሉ ለአንድ ቁጥር ነው እንዳትሉ። ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1999 የኤስ ኤስ ሲግኒን ርቀት በሃብል ቴሌስኮፕ ለክተው ከ500 የብርሃን ዓመት በላይ ነው ብለው ነበር። ያ እውነት ቢሆን ኮከቧ በጣም ደማቅ ናት ማለት ስለሆነ፣ የጀበናው ትምህርት በሙሉ ይፈርሳል፤ ምጣዱ ሁልጊዜ መጋል ነበረበት እንጂ መተኛት አልነበረበትም። ነገሩን ለመፍታት በሬዲዮ ቴሌስኮፖች መለካት አስፈለገ፤ ኮከቧ ግን ለሬዲዮ የምትታየው ስትገነፍል ብቻ ነው። መቼ እንደምትገነፍል ማን ይንገራቸው? እነዚህ በየጓሯቸው የሚቆሙ ሰዎች ነገሯቸው። እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2012 «ተነሥታለች» የሚለው መልእክት በደረሰ ቁጥር ግዙፎቹ ቴሌስኮፖች ወደ እሷ ዞሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ውጤት 370 የብርሃን ዓመት ገደማ ሆነ። በኋላም ጋያ የተባለችው የአውሮፓ መንኮራኩር ይህንኑ አረጋገጠች። አንዱ ታዛቢ ወዳጁን ለማስደሰት ቁጥር ቢጨምር ወይም ቢቀንስ ኖሮ እኮ ያ ሁሉ ብረት በከንቱ በዞረ ነበር።

ሻዩ ቀዝቅዞብኛል። ያን መዝሙር አሰብሁ። ስለ ሰማይ ተጀምሮ ቁጥር 12 ላይ ሲደርስ ሰው የገዛ ስህተቱን ማየት ይችል እንደሆነ ይጠይቃል። አስተማሪዬ ያዘዙኝን መልስ ያገኘሁት ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በቨርሞንት፣ በጨለማ መሆኑ ነው። አንድ ሌላም ነገር አሰብሁ፤ ይህን እንኳ መጻፍ ያሳፍረኛል። ባለቤቴ በየእሑዱ ወደ ቤት ስንመለስ «ስብከቱ እንዴት ነበር?» ይለኛል። እኔም ሁልጊዜ «በጣም ባረከኝ» እላለሁ። ሁልጊዜ! ስንት ሁለት ዐሥረኛ ጨምሬለት ይሆን?

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እንደገና ተሰበሰብን። ባለቤቴ በዚህ ጊዜ ማንንም ሳይሰማ ለብዙ ጊዜ አየ፤ ትንፋሹ መስታወቱን እንዳያደበዝዝ አፉን ሸፍኗል። 9.7 ብሎ ጻፈ። ሴትዮዋ 9.9፣ ባልየው 10.1፣ እኔ 9.8። ማንም የማንንም አላረመም። ወዲያው ከሸለቆው ጉም ተነሥቶ ሜዳውን ሸፈነው፤ ሰዎች በቀይ ባትሪ ሣጥኖቻቸውን ሲዘጉ ብቻ ይሰማል። የመኪና መብራት ሳናበራ፣ አስተናጋጃችን ከፊት በእግሩ እየመራን፣ ኮረብታውን ቀስ ብለን ወረድን።

እሑድ ጠዋት ባለቤቴ ሁለት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ሰበከ። ከሰዓት በኋላ በእንግዶች ማረፊያው ክፍል ጫማውን እያወለቀ፣ «ስብከቱ እንዴት ነበር?» አለኝ።

«መግቢያው ጥሩ ነበር» አልኩት። «ከዚያ ረዘመ። ሦስተኛው ነጥብ አልገባኝም። አንተም የገባህ አልመሰለኝም።»

ጫማውን እንደያዘ አየኝ። ደብተሩን አወጣና ለረጅም ጊዜ ሦስተኛውን ነጥብ ሲያነብ ቆየ። ሰኞ ማታ አስተናጋጃችን ደወለ፤ ኮከቧ 8.5 ደርሳለች።